ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማ ታሪክ፦ የትሬሲ ቻፕማን የመጀመሪያ አልበም በአዲስ ሸክላ

አሜሪካዊቷ ገጣሚና ድምፃዊት ትሬሲ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችውና በራሷ ስም የተሰየመው የመጀመሪያ አልበም በ2025 እንደገና በሸክላ ታትሞ ለገበያ ቀርቧል። በአሥራ አንድ ዘፈኖችና በ36 ደቂቃ የሚጠናቀቀው ይህ ሥራ ክራር ብቻ ይዞ ግጥም የሚያወርድ ድምፃዊ ሲሰማ ላደገ ጆሮ ባዕድ አይሆንበትም፤ አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅና ከሁለቱም በላይ የሚከበር ቃል ይዟልና።

ቻፕማን የክሊቭላንድ ልጅ ናት። በታፍትስ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ በምታጠናበት ዘመን ከቦስተን አጠገብ ባለው በሃርቫርድ አደባባይ ጊታሯን ይዛ ለመንገደኛ ትዘፍን ነበር። ጎዳና ላይ የሚዘፍን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ሰሚውን ካላቆመው ሰሚው ጥሎት እንደሚሄድ ያውቃል፤ የዘፈኖቿ አጀማመር ያለ መንደርደሪያ በቀጥታ ወደ ሰው ሕይወት የሚገባውም በዚህ ልምድ ይመስለኛል። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ከርሸንባውም ይህን ጠባይ አልነካባትም፤ የላሪ ክላይን ቤዝ ጊታርና የዴኒ ፎንግሃይዘር ድራም ከድምፅዋ ኋላ በአክብሮት ይከተላሉ።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው «ፋስት ካር» (ፈጣን መኪና) ብዙ ጊዜ እንደ ፍቅርና እንደ ጉዞ ዘፈን ይሰማል፤ ታሪኩ ግን ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። ተራኪዋ ወጣት ሴት እናቷ ጠጪ አባቷን ትታ በመሄዷ፣ የሚጦረውም ሌላ ሰው በመጥፋቱ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ትቀራለች። ከዚያም መኪና ካለው ወዳጇ ጋር የነበረችበትን ስፍራ ለቃ ወደ ከተማ ትሄዳለች፤ በገበያ አዳራሽ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለች፤ ልጆችም ይወለዳሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ የቤቱን ወጪ የምትሸፍነው እሷ ብቻ ስትሆን፣ ሰውየው ከልጆቹ ይልቅ የመጠጥ ቤት ጓደኞቹን የሚያይ ሆኗል። የሸሸችው የእናቷ ዕጣ በገዛ ቤቷ ተቀምጦ እንደጠበቃት ዘፈኑ አንድም ቦታ ላይ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ዝርዝሩን ይደረድራል፣ ሰሚው ራሱ ይደርስበታል። ጊታሩ ያችኑ አጭር ዜማ ሳይታክት ይደጋግማል፤ ድራሙ ጎልቶ የሚገባው የአንዲትን ምሽት የመኪና ጉዞ በሚያስታውሰው አዝማች ላይ ነው፤ ስለዚህ ደስታው ሁልጊዜ ከትዝታ እንጂ ከአሁን አይመጣም። በመጨረሻው አዝማች ደግሞ የመሄድና የመቅረት ምርጫ ሲነሣ «እኛ» የነበረው ተውላጠ ስም «አንተ» ይሆናል። በአንዲት ቃል ለውጥ አንድ ትዳር ሲፈርስ የሚያሰማ ዘፈን ከዚህ ሌላ አላውቅም።

አራተኛው ዘፈን «ቢሃይንድ ዘ ዎል» (ከግድግዳው ወዲያ) ያለ አንዳች መሣሪያ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ ሲሆን ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ተራኪዋ በሌሊት ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት የምትሰማ ጎረቤት ናት። ፖሊስ ቢጠራ እንደሚዘገይ፣ ቢመጣም በባልና ሚስት ጉዳይ ጣልቃ አልገባም እንደሚል ታውቃለች። ከዚያ አንድ ሌሊት ጩኸቱ በዝምታ ይተካል፤ አምቡላንስ ይመጣል፤ ፖሊሱም የተሰበሰበው ሰው ተበትኖ እንዲተኛ ያዛል። ሴትየዋ ምን እንደሆነች አይነገረንም። ቻፕማን በስንኝና በስንኝ መካከል የምትተወው ዝምታ የጎረቤቷ ጆሮ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈበት ያህል ያስጨንቃል። ይህን ዘፈን በስልክ፣ በትራንስፖርት ጫጫታ ውስጥ መስማት ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ነው፤ ሸክላውን እንድገዛ ከገፋፉኝ ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነበር።

ሁሉም ዘፈኖች በዚህ ልክ አይደሉም። ሸክላው ሲገለበጥ የሚጀምረው ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው ይደክማል፤ የሬጌ ምት ያለው «ሺ'ስ ጎት ኸር ቲኬት» የዘመኑን ስቱዲዮ ጠረን ይዞ ቀርቷል፣ «ኋይ?» ደግሞ ጥያቄዎቹ እውነት ቢሆኑም የሚሸከማቸው ሰው ስለሌለ እንደ ንግግር ይሰማል። ቻፕማን ብርቱ የምትሆነው ስለ ዓለም ስትናገር ሳይሆን ስለ አንድ ሰው ስትተርክ ነው። ይህንኑ «ፎር ማይ ላቨር» ያረጋግጣል፤ ለፍቅሯ ስትል በቨርጂኒያ እስር ቤት ሁለት ሳምንት የቆየች ሴት ስትናገር እንደገና ታሪክ እንሰማለን።

እነዚህ ታሪኮች ዓለምን የያዙበት መንገድ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ሰኔ 11 ቀን 1988 (እ.ኤ.አ.) በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ገና በእስር ላይ ለነበሩት ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ የልደት በዓል በተዘጋጀው ኮንሰርት፣ ቻፕማን ተራዋን ዘፍና ጨርሳ ነበር። የስቲቪ ዎንደር መሣሪያ ችግር ገጥሞት ዝግጅቱ ሲስተጓጎል ብቻዋን ጊታሯን ይዛ ወደ መድረክ ተመለሰች፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ያሰኘው የገንዘብ ተቀባይዋ ታሪክ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሦስት የግራሚ ሽልማቶች አገኘች። ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ድምፃዊ ሉክ ኮምብስ በ2023 «ፋስት ካር»ን እንደገና ሲዘፍነው ደግሞ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ዘፈን ሽልማት ለደራሲዋ ሰጠ፤ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ናት። ግጥሙ 35 ዓመት ተሻግሮ የነጭ ገጠሬዎች ዘፈን ሆነ፤ የመሄጃ መንገድ ያጣ ሰው በሁሉም ሰፈር አለና።

እንግሊዝኛው ግልጽና ዝግ ያለ በመሆኑ ቋንቋውን በመካከለኛ ደረጃ የሚያውቅ አድማጭም ታሪኮቹን ሳያጣ ይከታተላቸዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ግጥሞቹን አስቀድሞ ቢያነብ ግን እመክራለሁ። ሸክላ ማጫወቻ ላለው አልበሙ ዋጋውን ያወጣል። ከመጀመሪያው ገጽ ሳይወጡ መቆየት ያጓጓል፤ ሆኖም መርፌው እስከ መጨረሻው «ፎር ዩ» ይድረስ። እዚያ ድራሙም ቤዙም ሄደው ጊታሩና ድምፁ ብቻ ይቀራሉ፤ የሌሎችን ሰዎች ታሪክ በሙሉ ልብ ስትተርክ የቆየችው ሴት የራሷን ስሜት የምትገልጽበት ቃል ታጣለች።