መብራት ሲሄድ የሚፈተኑ ጨዋታዎች፦ ስታርዲው ቫሊ፣ ኧ ሾርት ሃይክ፣ አንፓኪንግ እና ታውንስኬፐር

ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ጌም ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ፊፋ፣ ወረፋ፣ ጩኸት። እዚህ የምንገመግማቸው አራቱ ጨዋታዎች ከዚያ ሌላ ዓለም ናቸው። አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ያለ ትልቅ ኩባንያ የሠሯቸው፣ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ቤት ቁጭ ብለው የሚጫወቷቸው፣ ረጋ ያሉ የሚባሉ ጨዋታዎች።

«ረጋ ያለ» የሚለው ስም ግን በከተማው ጫፍ ፈተና አለበት። የግማሽ ሰዓት ልፋት ከመብራቱ ጋር አብሮ ከሄደ ምኑ ነው የሚያረጋጋው? ስለዚህ ሥዕሉንና ሙዚቃውን ከማድነቅ በፊት የሚጠየቀው ጨዋታው ሥራችሁን መቼ ሴቭ እንደሚያደርግ፣ ባገለገለ ላፕቶፕ መሄድ አለመሄዱ፣ ከፓኬጅ ምን ያህል እንደሚበላ ነው።

መለኪያ የያዝነው በየቤቱ የሚገኘውን ዓይነት ማሽን ነው፦ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ 5 ስድስተኛ ትውልድ፣ ኢንቴል ኤችዲ 520 ግራፊክስ፣ 8 ጊጋ ራም። አራቱም በዚህ ይሄዳሉ። ራሙ አንድ ባለ 8 ከሆነና ሁለተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ እዚያ ሌላ መጨመር ከምታስቡት በላይ ለውጥ ያመጣል፤ እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው፣ ሁለት ራም ደግሞ መንገዱን በእጥፍ ያሰፋለታል። ከሁሉም በፊት ግን ባትሪውን እዩ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ እዚያ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም እና አሁን ሞልቶ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ተጽፏል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲሶ በታች ከወረደ ላፕቶፕ ሳይሆን ዴስክቶፕ ነው ያላችሁ፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ስታርዲው ቫሊን ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ኮዱንም ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ለብቻው ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. አወጣው። ከአያቱ እርሻ የወረሰ ሰው ከከተማ ወጥቶ ገጠር ይገባል፣ መሬቱን ይመነጥራል፣ ይዘራል፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይለማመዳል። የሚፈልገው 2 ጊጋ ራምና 500 ሜጋ ያህል ቦታ ብቻ ነው። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚያጫውተውም ይኸው ነው፤ ለሁለትና ሦስት ወር አይሰለችም።

ችግሩ ሴቩ ነው። በኮምፒውተር ላይ ስታርዲው ቫሊ ሴቭ የሚያደርገው አልጋ ላይ ወጥታችሁ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። በመሃል «ሴቭ» የሚባል ቁልፍ የለም። የጨዋታው ሰዓት በእያንዳንዱ 7 ሰከንድ 10 ደቂቃ ይሄዳል፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያበቃል (ስክሪኑ ላይ 6 እና 2 ይላል፣ አትደናገሩ)። ሲሰላ አንድ ሙሉ ቀን 14 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ የሚጠፋባችሁ ቢበዛ የ14 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዕቃ ስታስተካክሉ ሜኑ ከፍታችሁ የቆያችሁበት ጊዜ ግን ሰዓቱ ስለሚቆም ከዚህ በላይ ይጨመራል። አንዳንዱ ቀን ሲጠፋ አያስቆጭም። ማዕድን ማውጫ ውስጥ አምስት አምስት ፎቅ እየወረዳችሁ አዲስ የአሳንሰር ማቆሚያ የከፈታችሁበት ቀን ከሆነ ግን ያንገበግባል፤ ማቆሚያውም ያልተቀመጠ ሥራ ነውና አብሮ ይጠፋል።

ባትሪው 20 ደቂቃ እንኳ ከያዘ መፍትሔው ቀላል ነው። መብራቱ ሲሄድ የያዛችሁትን ትታችሁ ወደ ቤት፣ አልጋው ላይ፣ ለመተኛት ለሚጠይቃችሁ «አዎ»። ገና ረፋድ ቢሆንም ያስተኛችኋል። የቀረው የቀን ሥራ ይባክናል እንጂ የተሠራው ይቀመጣል። ዊንዶውሱም ባትሪው ሊያልቅ ሲል «ስሊፕ» ሳይሆን «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ አስተካክሉት፤ ስሊፕ ራሙን ለማቆየት ባትሪ መብላቱን ይቀጥላል፣ ሃይበርኔት ግን ሁሉን ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋል።

ክፉው አጋጣሚ መብራቱ በትክክል ሴቭ እያደረገ ሳለ መሄዱ ነው። ያኔ ፋይሉ ይበላሽና እርሻችሁ ከዝርዝሩ ላይ ይጠፋል ወይም አልከፈት ይላል። አዲስ እርሻ አትጀምሩ። ጨዋታውን ዝጉ፣ በዊንዶውስ «አፕዳታ» ፎልደር ውስጥ ባለው የጨዋታው ፎልደር «ሴቭስ» የሚለውን ክፈቱ። በእርሻችሁ ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ሁለት ዋና ፋይሎች አሉ፣ ከጎናቸው ደግሞ በስማቸው መጨረሻ «ኦልድ» የሚል የተቀጠለባቸው ሁለት መንትዮቻቸው። እነዚህ የቀደመው ሌሊት ቅጂዎች ናቸው። የተበላሹትን ሁለቱን ወደ ሌላ ቦታ አንሱ (አትሰርዙ)፣ ከመንትዮቹ ስም ላይ «ኦልድ» የሚለውን ከፊቱ ካለው የታች መስመር (_) ጋር አጥፉ፣ ጨዋታውን ክፈቱ። አንድ ቀን ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ እንጂ እርሻው ይገኛል።

አጨዋወቱን በተመለከተ፣ ጀማሪ የሚሳሳተው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። ሲነሳ 270 ጉልበት፣ 500 ብር (የጨዋታው ወርቅ) እና 15 የፓርስኒፕ ዘር ይሰጣችኋል፤ ፓርስኒፕ ነጭ ካሮት የመሰለ ሥራ ሥር ነው። አንድ ጊዜ መቆፈር 2፣ አንድ ጊዜ ማጠጣት 2 ጉልበት ይወስዳል፤ 15ቱን መዝራት 60 ጉልበት ነው። ማጭድ ጉልበት ስለማይበላ ሳሩን እንደልብ እጨዱ። ፓርስኒፑ በ4 ቀን ይደርሳል፣ አንዱ 35 ይሸጣል። ደስ ብሏችሁ ተጨማሪ ዘር ገዝታችሁ ከ15 ስታሳልፉ ቁራ ይመጣል፤ ቁራዎች የሚመጡት የተዘራው 16 ከሞላ በኋላ ነው። እዚህ ማማ ላይ ቆሞ ጅራፍ ማጮህ የለም፤ ማስፈራሪያ መሥራት ነው፦ 50 እንጨት፣ 1 ከሰል፣ 20 ቃጫ። አሠራሩን የምትማሩት የእርሻ ደረጃ 1 ስትደርሱ ስለሆነ እስከዚያ 15 ላይ መቆየት ያዋጣል። የመንደሩ የዘር ሱቅ ረቡዕ ዝግ ነው፣ ረቡዕ ደግሞ የጨዋታው ሦስተኛ ቀን ላይ ይውላል፤ ዘር የፈለገ ማክሰኞ ይግዛ።

ወሩ 28 ቀን ነው፣ ወሩም ራሱ ወቅቱ ነው። ወቅቱ ሲለወጥ ያልተሰበሰበ ሰብል አብዛኛው በአንድ ሌሊት ይደርቃል። አበባ ጎመን 12 ቀን ስለሚፈጅ ከ16ኛው ቀን በኋላ አይዘራም፤ ድንች 6 ቀን ነው፣ እስከ 22 ይቻላል። ለእኛ ሰው ሌላም ወጥመድ አለ። «ዊንተር» ሲል ክረምት ነው ብሎ ዝናብ የሚጠብቅ አለ፤ የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ ውጭ ላይ የተለመደው ሰብል አይበቅልም። ገንዘቡን ከዚያ በፊት መያዝ ያስፈልጋል።

ዓሣ ማጥመዱን በላፕቶፑ ታችፓድ አትሞክሩት። ቁልፉን እየያዙ እየለቀቁ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን አሞሌ ከዓሣው ጋር ማስተካከል ስለሚጠይቅ ተራ የዩኤስቢ ማውስ ይሻላል። ያም ካቃተ ከዓሣ አጥማጁ ሱቅ በ25 የሚሸጥ የመለማመጃ ዘንግ አለ፤ ተራ ዓሣ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግን አሞሌውን ያሰፋላችኋል። አንድ ቅሬታም እንናገር፤ ይህ ጨዋታ እንደ ስሙ ዘና አያደርግም። ያ የ14 ደቂቃ ሰዓት ሁልጊዜ ከኋላ ያባርራችኋል፤ «አንድ ቀን ብቻ» ብሎ የተቀመጠ ሰው እኩለ ሌሊት ያልፍበታል። አማርኛም የለውም። የስልኩ ቅጂ ለብቻው የሚገዛ ነው፣ ዋጋው ከኮምፒውተሩ 14.99 ዶላር በጣም ያነሰ ነው፣ ከመብራት ጋር ለሚታገል ሰው ሳይሻል አይቀርም።

ኧ ሾርት ሃይክ የአዳም ሮቢንሰን ዩ ሥራ ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት የነፃ ጌም ሠሪዎችን ፌስቲቫል ዋና ሽልማት የወሰደ። ክሌር የምትባል ወፍ ስልክ እየጠበቀች ነው፤ ደሴቱ ላይ ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ለማግኘት ተራራው ጫፍ ድረስ መውጣት አለባት። በሰገነት ጥግ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ታሪኩን በአንድ ደቂቃ ይረዳዋል።

መውጣት የሚቻለው በወርቅ ላባ ነው። አንድ ላባ አንድ ትንፋሽ ነው በሉት፤ ግድግዳ ስትይዙ ይቀንሳል፣ መሬት ስትረግጡ ይመለሳል። ቸኩለው በቀጥታ ወደ ጫፉ የሚሄዱ ሰዎች ላይ ብርዱ ላባውን ያቀዘቅዝባቸዋል፤ መጀመሪያ ደሴቱን ዞሮ ላባ ማጠራቀም ነው። ከጫፉ ላይ ክንፍ ዘርግቶ ወደ ባሕሩ መንሳፈፍ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ደስታ ነው፣ ሌላው ሁሉ ለዚያ መዘጋጃ ነው። ግራፊክሱ ከከበደ በማስተካከያው ውስጥ የፒክስሉን መጠን የሚያሳድግ ምርጫ አለ፤ ሲያድግ ሥዕሉ ሻካራ ይሆናል፣ ማሽኑ ግን ይቀለዋል፣ ደግሞ ሻካራው ያምርበታል። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ጥሩ ባትሪ ካለ መብራት ሄዶ እስኪመጣ ያልቃል።

አንፓኪንግ ደግሞ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ምንም እንኳ ሠሪዎቹ ዊች ቢም የተባሉ የአውስትራሊያ ሰዎች ቢሆኑም። ከ1997 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት ስምንት ጊዜ ቤት ትቀይራለች፤ የእናንተ ሥራ ካርቶን ከፍቶ ዕቃውን ቦታ ቦታ ማስያዝ ነው። በግራ ቁልፍ ማንሳት፣ በቀኝ ማዞር፣ በቃ። የሚነበብ ጽሑፍ እምብዛም ስለሌለው እንግሊዝኛ የማያነብ ሰውም ይጫወተዋል፤ ለእናትም ለልጅም የሚሰጥ ከአራቱ ይኼ ነው። ታሪኩን የሚናገሩት ዕቃዎቹ ናቸው። በ2010 ከአንድ ወንድ ጋር ለመኖር ስትገባ ቤቱ በእሱ ዕቃ ተሞልቷል፤ የዲግሪዋን ፍሬም ግድግዳው ላይ ልስቀል ብትሉ ቦታ የለም፣ ጠረጴዛውም እንቢ፣ በመጨረሻ የሚቀበለው ከአልጋ ሥር ነው። አንድ ቃል ሳይነገር ሰውየውን አወቃችሁት።

እንከኑ ዕቃዎቹ የፈረንጅ መሆናቸው ነው። ጀበናና ምጣድ የሚያስቀምጥ ሰው እጁ ላይ የወደቀው ነገር የወጥ ቤት ይሁን የመታጠቢያ ቤት ግራ ይገባዋል። ካርቶኖቹ ሁሉ ባዶ ሲሆኑ ያለቦታው የገባው በቀይ መስመር ይከበባል፤ ያም ካሰለቸ በማስተካከያው ውስጥ ዕቃ የትም እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። 19.99 ዶላር ለአራት ሰዓት ያህል ጨዋታ ውድ ነው፣ ቅናሽ ጠብቁለት።

ታውንስኬፐር ላይ ብዙ የሚባል የለም። ባሕር ላይ ስትጫኑ ቤት ይበቅላል፣ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ፎቅ ይሆናል፣ ግቢ ዙሪያውን ስትዘጉ መሃሉ የአትክልት ቦታ ይሆናል። ዓላማ የለውም፣ ማሸነፍም የለውም። ሠሪው ኦስካር ስቶልበርግ በብሮውዘር የሚሠራ ነፃ ቅጂ ስላስቀመጠለት ከመግዛት በፊት እሱን መሞከር ነው፤ ብዙ ሰው እዚያው ይበቃዋል። በስልክ የአገር ልጅ ሥራ የሚፈልግ ደግሞ የቅኔ ጌምስን ኩኩሉን ይይ፣ ከአራዷ ዶሮ ጋር ሩጫ ነው እንጂ እረፍት አይደለም።

ዳታውን በተመለከተ የሚበላችሁ ጨዋታው ሳይሆን ስቲም፣ ማለትም ጨዋታዎቹ የሚገዙበትና የሚጫኑበት ፕሮግራም ነው፤ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ሁሉን ላዘምን ይላል። በዳውንሎድ ማስተካከያው አውቶማቲክ ማዘመኛውን የሌሊት ፓኬጅ ሰዓት ላይ ብቻ ወስኑት፣ የዊንዶውሱን ግንኙነት ደግሞ «ሚተርድ» (ዳታ ቆጣቢ) አድርጉት። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ ጨዋታውን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ከዚያ «ኦፍላይን ሞድ» አስገቡት፤ ሳይከፈት ከተወሰደ ቤት ሲደርስ አልከፈት ሊል ይችላል። ከመስመር ውጭ ቆይታችሁ ስትመለሱ ስቲም የክላውዱን (ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠውን) ሴቭ ወይስ የኮምፒውተሩን ብሎ ከጠየቀ ቀኑን አንብቡ፣ አዲሱን ምረጡ፤ በችኮላ የተጫነ ቁልፍ የሳምንት እርሻ ያጠፋል። ስታርዲው ቫሊና አንፓኪንግ ጂኦጂ የተባለ ሌላ የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይም አሉ፤ እዚያ የተገዛው ጫኚ ፋይል በፍላሽ ተይዞ ኢንተርኔት በሌለው ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ ለእኛ ይሄ ይሻላል። «ጌም ይጫናል» ብለው ከሃርድ ዲስክ የሚገለብጡ ቤቶች የሚሰጡት ብዙ ጊዜ አሮጌ ቅጂ ነው፣ የ2024ቱ የስታርዲው ቫሊ 1.6 ማሻሻያ አይኖርበትም።

ዋጋው በዶላር ነው፣ በብር አይሸጥም። ውጭ ዘመድ ያለው በስቲም የስጦታ ካርድ ማስላክ ይችላል። በቀጥታ በአካውንት የሚላክ ከሆነ ግን ላኪውና ተቀባዩ እዚያ ላይ ጓደኛ ከሆኑ ቢያንስ 3 ቀን መሙላት ስላለበት፣ ቅናሹ ሊያልቅ ሲል አይደወልላቸውም፤ ቀድሞ አካውንቱን ማስተዋወቅ ነው።