ለብዙ ዘመድ ቦታ የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ እድራችሁን ጠይቁ

ቅዳሜ ጥር 17 ቤተሰባችን ተሰብስቦ ዋለ። ከደሴ፣ ከከሚሴ፣ ከባሕር ዳር፣ ከዱባይና ከዳላስ የመጡ ነበሩ። ሕፃናቱን ጨምሮ ወደ 150 ሰው ሆንን። ቀኑን የመረጥነው አስበንበት ነው። ጥምቀት አልፏል፤ በየካቲት ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ይገባሉ። የወሎ ልጆች ስለሆንን ግማሾቻችን ክርስቲያን፣ ግማሾቻችን ሙስሊም ነን።

ይህን የምጽፈው ኮተቤ አካባቢ ያለን አንድ እድር፣ በተለይም ንብረት ያዥዋን፣ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈለጉ እትዬ ብቻ ልበላቸው።

ፍለጋው የተጀመረው ከሆቴል ነበር። ብዙዎቹ አዳራሹ ነፃ ነው ይላሉ፤ ሂሳቡ የሚመጣው በነፍስ ወከፍ በሚቆረጠው ምግብ ነው። ዋጋው ሲነገራችሁ «ፕላስ ፕላስ» የምትለዋን ልብ በሉ። 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመራል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 1,000 ብር የተባለው ምግብ 1,265 ብር ይሆናል ማለት ነው። በ150 ሰው ሲባዛ ጭማሪው ብቻ 39,750 ብር ነው። ከውጭ ምግብ ማስገባት አይቻልም የሚሉም አሉ፤ ለእኛ ይሄ ከዋጋውም ይከብድ ነበር። ሁለት እርድ፣ ሁለት ወጥ ቤት ያስፈልገናል። አክስቶቻችንም ዶሮውን በእጃቸው ካልሠሩት ዘመድ የተሰበሰበ አይመስላቸውም።

«የእኛ እድር አዳራሽ አለው አይደል እንዴ?» ያለችው ኮተቤ የምትኖረው አክስቴ ናት። አባል ስለሆነች በአባል ዋጋ ተከራየን። አዳራሽ፣ ግቢ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ የውሃ በርሜል፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተገኘ። ምግቡን ራሳችን አዘጋጀን። የኪራዩ ሂሳብ በሙሉ ተደምሮ ያቺን የሆቴል ጭማሪ እንኳ አልሞላም።

እትዬ ስለ ገንዘብ ከማውራታቸው በፊት የጠየቁኝ «ደረጃ መውጣት የማይችል ስንት ሰው አላችሁ?» ብለው ነው። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ከፍተው አሳዩኝ። «ለአዛውንት መያዣ ያስፈልገዋል» አሉና አንድ ጠንካራ ወንበር እዚያው በር ላይ እንዲቀመጥ አስደረጉ። ድስቶቹን ሲያወጡልን ደግሞ ለሁለት ከፍለው ነው። የሙስሊሞቹ እጀታቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ጭልፋውም፣ ቢላዋውም፣ መክተፊያው ሳይቀር። «እዚህ ሰፈር ሁላችንም አብረን ስለምንኖር ከድሮም ለይተን ነው የምናስቀምጠው» አሉኝ። የከሚሴዋ አክስታችን አረንጓዴውን እጀታ ስታይ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ሽንኩርቱን ጀመረች።

በጣም ያመሰገንኳቸው ግን በሐሙሱ ጉዳይ ነው። ሐሙስ ማታ ከእድሩ አባላት አንዱ አረፉ። የእድር ሕግ የታወቀ ነው፤ ሐዘን ከሁሉ ይቀድማል። ስንከራይም የፈረምነው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ትልቁ ድንኳንና ከአግዳሚዎቹ አብዛኛው ለቅሶ ቤት ሄደ፤ መሄድም ነበረበት። እትዬ ማታውኑ ደወሉልኝ። «አይዞሽ፣ አትረበሺ፤ የጎረቤት እድር ሊቀ መንበር ጋር ተነጋግሬያለሁ» አሉኝ። እድሮች ችግር ሲገጥም ዕቃ ይዋዋሳሉ፤ እሳቸውም ያንን በር ነው ያንኳኩልን። አርብ ከሰዓት ሌላ ድንኳን በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፣ የሰፈሩ ልጆችም ተረባርበው ተከሉት።

አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። «ለቅሶ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ሙዚቃው ቢቀር?» ልክ ናቸው። የቀጠርነውን ዲጄ አስቀረን፤ ልጁም ቀብዱን ያለ ምንም ንትርክ መለሰ፣ እሱንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ታላላቆቻችን ተሰብስበው ለቅሶ ደረሱ፣ ከዚያ መጥተው ማዕድ ባረኩ። ሙዚቃው በመቅረቱ የተጎዳ ሰው አላየሁም። እንደውም ጨዋታው ተሰማ። ዳላስ ተወልደው ያደጉት ልጆች አያታቸው ስለ ደሴ ሲያወሩ ጆሯቸውን ሰጥተው ዋሉ። ዱአውም ምርቃቱም አንድ ላይ ሆነ።

ለምትከራዩ ጥቂት ነገር ልጠቁም። ዕቃውን ስትረከቡ ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ ብርጭቆ ሲሰበር ካስያዛችሁት ገንዘብ ላይ ነው የሚቆረጠው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የምግብ ማብሰያችሁን በኤሌክትሪክ ላይ ብቻ አትጣሉት፤ እኛ ከሰልና ጋዝ ይዘን ነበር። ውሃውን ከዋዜማው ጀምራችሁ በርሜል ሙሉ። ድንኳን ተካዮቹንና ዕቃ አጣቢዎቹን ደግሞ ምሳ አብሉ፣ ጉርሻም ስጡ። ኪራዩ ርካሽ የሆነው በእነሱ ድካም ጭምር ነው። አባል ያልሆነ ሰውም መከራየት ይችላል፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህም ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሰኞ ሳህኑን ስንመልስ ሁለት ሳህን ጎድሎ «ተዉት፣ ይገኛል» ያሉትን አንረሳውም። ሁለቱንም አክስቴ ቤት አግኝተናቸዋል፣ በዚህ ሳምንት ይደርስዎታል።

የእድሩን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ አዳራሹ ተይዟል። ለግንቦት የምታስቡ ከአሁኑ ብትጠይቁ ይሻላል።