የአሮጌ ቴሌቪዥን ቲዩነር፦ ማጽዳት ወይስ ቫልቭ መቀየር?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ ቫልቭ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አሮጌ ቴሌቪዥን ያላችሁ፣ ምስሉ በነጠብጣብ ከተሸፈነ መጀመሪያ አንቴናውንና ገመዱን እዩ። እነሱ ደህና ከሆኑ ሁለት ምርጫ ይቀራል።

ቻናል መቀየሪያውን ስትነካኩት ምስሉ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ የቲዩነሩ (ቻናል የሚመርጠው ክፍል) ኮንታክቶች፣ ማለትም እርስ በርስ የሚነካኩት የብረት ጫፎች፣ ቆሽሸዋል። የኮንታክት ማጽጃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም! ልባጡን ይልጠዋል። ርካሽ ስለሆነ እኔ ከዚህ እጀምራለሁ። ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተነቅሎም ቢሆን ከስክሪኑ ጀርባ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

ብትነካኩትም ለውጥ ከሌለና ሁሉም ቻናል እኩል ከደከመ፣ ሲግናል አጉሊው ቫልቭ ይጠረጠራል። አዲስ ፍለጋ ከመንከራተት ከሞተ ቴሌቪዥን መንቀል ይቀላል። ቁጥሩን ግን አስተያዩ፦ ፒሲሲ88 እና ኢሲሲ88 የሚባሉት ቫልቮች የእግራቸው አደራደር አንድ ነው፤ ማሞቂያቸው ግን የመጀመሪያው 7፣ የሁለተኛው 6.3 ቮልት ነው።