ከተጫዋችነት ወደ ዳኝነት እጄን ይዘው ላሻገሩኝ አባት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ ደሴ ውስጥ ለቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አሰልጣኝነትና ዳኝነት ለሚያስተምሩት፣ ሁላችንም «ጋሼ ፊሽካ» ለምንላቸው አባት ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ነው። ከሜዳ ወጥታችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ለጨነቃችሁ ሁሉም እሳቸውን ልጠቁማችሁ እወዳለሁ።

ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት በትምህርት ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቡድናችን ተበተነ፤ ተመልሰን ከተሰባሰብን በኋላም ብዙ ሳልጫወት ጉልበቴ ተጎዳ። ሐኪሞቹ ስለ ጉዳቱ ያስረዱኝ ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፤ የገባኝ «ከእንግዲህ ዝላይ ይቅርብሽ» ያሉኝ ብቻ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሳይገለጥ ሜዳ ላይ መገኘት ለለመደች ልጅ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል።

መጫወቱ ቢቀር ላሰልጥን፣ ልዳኝ ብዬ ተነሣሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ፣ ቤተሰቤን ለምኜ ያመጣሁትን ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ሁለት ቀን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሕግ አነበበልንና፣ ፊሽካ በእጃችን ሳንይዝ ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተን። ሌላ ቦታ ደግሞ ወራት ካመላለሱኝ በኋላ «ሴት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነጥብ ብትመዘግብ ይበቃታል» ተባልኩ። ነጥብ መመዝገብ የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ላይ ሳያዩኝ መፍረዳቸው ነው።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስለ ክፍያ ከማንሣታቸው በፊት «ልጄ፣ የሚያምሽ የትኛው ጉልበትሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያም ዓይኔን እንደ አዲስ አሠለጠኑት። ተጫዋች ሳለሁ የማየው ኳሱን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን «ኳሱን ለሌላው ዳኛ ተዪለት፣ አንቺ እግር ተመልከቺ» ይሉኝ ነበር። አንዳንዴም ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፣ በኳሱ ንጥረትና በጫማው ድምፅ ብቻ እርምጃ የበዛበትን ልጅ እንድለይ ያደርጉኝ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ተጫውቼ፣ ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ አጥቂው ቡድን መልሶ ሲይዘው ቡድኑ ወደ ቀለበቱ እስኪወረውር የተሰጠውን ጊዜ የሚቆጥረው ሰዓት ወደ 24 ሳይሆን ወደ 14 ሰከንድ እንደሚመለስ በትክክል ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

መቼም የማልረሳውን ልንገራችሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ላይ የታዳጊዎች ጨዋታ ስዳኝ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ሁለት ልጆች ተጋጩና ጥፋቱን በአጥቂው ላይ ነፋሁ። ልጁ አለቀሰ፤ ተመልካቹም ጮኸብኝ። ጋሼ ዳር ተቀምጠው ያዩ ነበር፣ ነገር ግን ሰው ፊት አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ በሚኒባሱም ስንመለስ ስለ እናቴ ጤና ብቻ ነበር የጠየቁኝ። በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ደሴ ሜዳ ስደርስ፣ ተንበርክከው የሁለቱን ልጆች አራት እግሮች በጠመኔ ሲሥሉ አገኘኋቸው። ትንሽ ራቅ አድርገው ደግሞ የእኔን ሁለት እግር ሣሉና እዚያ ላይ አቆሙኝ። ከዚያ ቦታ የአጥቂው ጀርባ ተከላካዩን ጋርዶታል፤ ተከላካዩ ገና ቦታውን ሳይይዝ ወደ ጎን እየተንሸራተተ እንደነበር፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ማየት አልችልም ነበር። «የተሳሳተው የቆምሽበት ቦታ ነው እንጂ ዓይንሽ ደኅና ነው» አሉኝ። አለቀስኩ። ያን ቀን እንዲያ ባያደርጉልኝ ኖሮ ፊሽካ ዳግመኛ አልነካም ነበር።

ዛሬ ታዳጊ ሴቶችን አሰለጥናለሁ፣ እዳኛለሁም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ውለታዎን የምከፍልበት አቅም የለኝም።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያላችሁ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ በተለይም ሴቶች፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁንና ልባችሁን ሳትጨርሱ ወደ እሳቸው ሂዱ። አሁንም እላለሁ፣ ሂዱ። ደሴ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ማንኛውም ልጅ «ጋሼ ፊሽካ» ስትሉት ይመራችኋል። መክፈል ለማይችል ክፍያውን ይተዋሉ። ፊሽካ ባይኖራችሁም አትጨነቁ፣ ያውሷችኋል፤ እኔም እስካሁን የምነፋው ያኔ ያዋሱኝን ነው።