አሮጌውን ማደስ ወይስ ርካሹን አዲስ መግዛት?

ድሬ ታይዋን ገበያ ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ ቆይ አንዴ፣ ቤት ያለውን አሮጌ መጀመሪያ ክፈቱት። የኔ ቲንክፓድ ቲ430 ነው፣ በፈረንጆቹ የ2012 ሞዴል፣ ሃርድ ዲስኩ በጎን በኩል አንድ ብሎን ፈትተህ ተስቦ ይወጣል፣ ራሙ (ፕሮግራሞች ሲሰሩ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ) ደግሞ እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ቀየርኩለት፣ ፋኑን ስከፍተው የድሬ አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ አየር መውጫውን ደፍኖታል፣ እሱን ጠርጌ ፕሮሰሰሩ ላይ ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ቀባሁትና በዚህ ሙቀት እንኳን ዝም ብሎ ይሰራል። ያንቀራፍፈው የነበረው ፕሮሰሰሩ አልነበረም፣ የሚሽከረከረው ዲስክ ነው።

አዲሱ ርካሽ ደግሞ ያምራል፣ ቀላል ነው፣ ባትሪውም ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አቦ አልክድም። ግን ብዙዎቹ 4 ጊጋ ራም ቦርዱ ላይ ተበይዶ፣ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የተበየደ ርካሽ ማከማቻ) ይዘው ነው የሚመጡት፣ ዊንዶውስና ሁለት ሶስት ፕሮግራም ስትጭን ይሞላል፣ ከዛ በኋላ መጨመር የለም።

የአሮጌው እውነተኛ ችግር ዊንዶውስ 11 ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ቆሟል። እኔ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ፣ ለጽሁፍ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆቹ ትምህርት ምንም አልጎደለብኝም። ከባድ ጌም ወይ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ከሆነ ስራችሁ ግን ሁለቱም አይሆኑም፣ ትንሽ ጨምራችሁ ራሙ የሚቀየር ደህና ማሽን ፈልጉ።