ፖኒቴል ፓልማችንን ላዳኑልን ጋሼ ምስጋና፣ ተክል ላላችሁም ጥቆማ

ሲኤምሲ አካባቢ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን ጋሼን በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ይቅር። የቢሯችን እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ፖኒቴል ፓልም (ግንዱ ከሥሩ ያበጠ፣ ረጃጅም ቅጠሉ እንደ ፀጉር ወደ ታች የሚንዠረገግ ተክል) ዛሬ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ግን በእሳቸው እጅ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ተክሉን የሸጠልን ቦታ ዋጋውን አልቀነሰም። ማስቀመጫው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው፣ ከታች አንድም ቀዳዳ የለውም። አፈሩ ላይ ነጭ ጠጠር በሙጫ ስለተለጠፈ እርጥበቱን በጣት ማየት እንኳ አይቻልም። «በሁለት ቀን አንዴ አጠጡት» ብለው ሸኙን። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ሌላ ቦታ ተጠየቀ፤ «ውሃ አንሶት ነው፣ ማዳበሪያም ጨምሩበት» ተባለ። ገንዘብ እየተቀበሉ ተክል የሚገድል ምክር መስጠት በጣም ያሳዝናል። ይህ ተክል የቃጫ ዘመድ ነው፣ አገሩም ደረቁ የምሥራቅ ሜክሲኮ ምድር። ግንዱ ሥር ያለው እብጠት የውሃ ጎተራው ስለሆነ ጥማት ይችላል፤ የማይችለው ጭቃ ውስጥ መቆም ነው።

ጋሼ ሲመጡ ቅጠሉን ገና ሳያዩ እብጠቱን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጤነኛ እብጠት ድንጋይ ነው፤ የኛው በአንድ ጎኑ ለስልሶ ይሰረጉድ ነበር። ጠጠሩን ነቅለው ተክሉን አወጡና ሥሩን አሸተቱ። የበሰበሰ ሥር ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ልጡም ሳብ ሲያደርጉት ይሸለቀቃል። ሌላ ለመግዛት ተዘጋጅተን ሳለ «ልጆቼ፣ ይሄ ይድናል። አዲስ አትግዙ» አሉ። ሱቃቸው ውስጥ ሞልቶ እያለ! ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ይቺ ቃላቸው ናት።

ቢላዋውን በየመሃሉ በአልኮል እየጠረጉ የለሰለሰውን ቆርጠው አወጡ፤ ቡናማ ነጥብ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ፣ ምክንያቱም ትንሽ ከቀረ መበስበሱ ይቀጥላል። ቁስሉ ላይ የደቀቀ ከሰል ነስንሰው፣ ያለ አፈር፣ ጥላና አየር ባለበት ቦታ ለአንድ ሳምንት አስቀመጡት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ከነካ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አፈሩን ያዘጋጁት አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ለግንባታ ከሚሸጠው ቀይ አሽ ደቃቅ ጠጠሩን ቀላቅለው ነው። ቀይ አሹ አስቀድሞ ይታጠባል፤ አለዚያ ብናኙ ወደ ታች ወርዶ የውሃውን መውጫ ይደፍነዋል። ማስቀመጫው ቀዳዳ ያለው ሸክላ ሆኖ ከእብጠቱ በየጎኑ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይሰፋል። ትልቅ ማስቀመጫ ሥሩ የማይደርስበትን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ለዚህ ተክል ጠላቱ ነው። የሚቀበረው ሥሩ እንጂ እብጠቱ አይደለም። ከተተከለ በኋላ ለሁለት ሳምንት ውሃ አይነካውም።

ከዚያ ወዲያ ቀጭን እንጨት እስከ ታች አስገብታችሁ አውጡ። ደረቅ ከወጣ ከሥር እስኪፈስ አጠጡና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። በበጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ክረምት ላይ በደመናውና በብርዱ በወር አንዴ ይበቃዋል። እብጠቱ ተሸብሽቦ ግን ጠንካራ ከሆነ ጠምቶታል፣ ሲጠጣ ይሞላል። ከለሰለሰ ውሃ በዝቶበታል። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ነው ተክሉን የሚገድለው።

ቦታው ብሩህ መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ከጨለማ አውጥታችሁ በአንድ ቀን ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ግን ቅጠሉ ይቃጠላል። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ በቅጠሉ መነሻ ላይ ካያችሁ በ70 በመቶ አልኮል በነከራችሁት ጥጥ ጥረጉት። ቅጠሉን ዘይት እየቀቡ ማሳመር የሚባለውን ተዉት።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሲሠሩ እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደሚያደርጉት እየነገሩን ነው። የጠየቁት ሂሳብም ተመጣጣኝ ነበር። ታማኝ ባለሙያ የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከመጣላችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ! በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ተክሉን ከነማስቀመጫው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የጠጣበትንም ቀን አስታውሱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።