«መኪናህን አስገባሁልህ» ያለኝ ሰው ያስገባው ሌላ መኪና ነው

በራሳችሁ መኪና ድንበር ልትሻገሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ኬላው ከመድረሳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የተታለልኩት በሌሊት፣ በስውር መንገድ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከጉምሩክ መስኮት ሃያ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ነው።

ሰልፉ ረጅም ነበር። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰና መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ፓስፖርትህን ብቻ ራስህ አስመታ። የመኪናውን ጉዳይ፣ ጉምሩኩንም መድኑንም፣ በአንድ ሂሳብ እጨርስልሃለሁ» አለኝ። መታወቂያው የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ እንኳን ቀና ብዬ አላነበብኩም። ሊብሬውን ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማኅተም የበዛበት ወረቀት ይዞ መጣ። ከፈልኩት፤ ይባስ ብዬ አመሰገንኩት።

ጉዱ የወጣው ስመለስ ነው። የጉምሩክ ሠራተኛዋ የሻንሲ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ብትፈልገው የለም። ደግማ ፈለገች፤ አሁንም የለም። ከዚያ ወርዳ መኪናው ላይ የተቀረጸውን ከወረቀቱ ጋር ስታስተያየው፣ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ «ኦ» የተባለው የላቲን ፊደል ተጽፎ አገኘችው። አንዲት ምልክት ናት። ነገር ግን በመዝገቡ መሠረት ድንበሩን ያለፈው ሌላ መኪና ሲሆን፣ እኔ የምነዳው ሳይፈቀድለት የገባ ሆነ። ሁለት ቀን ታግጄ፣ ቅጣት ከፍዬ ወጣሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ስህተቱ በዓይን የሚለይ መሆኑ ነው። የአብዛኛው ዘመናዊ መኪና የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክቶች አሉት፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባልም «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት ፊደላት ጨርሶ አይገቡበትም። በእንዲህ ያለ ባለ 17 ምልክት ቁጥር ውስጥ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። መስኮቱ ላይ ራሴ ቆሜ ቢሆን ኖሮ አንድ በአንድ አመሳክሬ እዚያው አስተካክለው ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የቀኑ ጉዳይ ነው። ቪዛዬ የ30 ቀን ነበር፤ ሰውየው ለመኪናው ያወጣው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ግን የ7 ቀን ብቻ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አይሄዱም። ቪዛው የሰው ነው፤ ፈቃዱ የመኪናው ነው። ሰው በሕጋዊ መንገድ ተቀምጦ መኪናው ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ምን ያህል ቀን እንደምትቆዩ መናገር ያለባችሁ ፈቃዱ ከመታተሙ በፊት ነው፤ የማትናገሩ ከሆነ ደላላው ለእርሱ የቀለለውን ያስሞላል።

የመድን ካርዱም ከንቱ ነበር። ተከታታይ ቁጥሩ ሲጣራ የሌላ ሰው መኪና ሆኖ ተገኘ፤ ደግነቱ በመንገዴ አደጋ አልደረሰም። ለማያውቅ ላስረዳ፦ በአውሮፓና በአካባቢው አረንጓዴ ካርድ፣ በኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች ቢጫ ካርድ፣ በምዕራብ አፍሪካ ኤኮዋስ አገሮች ቡናማ ካርድ የሚባል አሠራር አለ። ሦስቱም የሚሸፍኑት በሦስተኛ ወገን ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መኪና አይደለም። ካርዱን የሚሰጠው መኪናችሁን የመዘገበው የመድን ድርጅት ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያው ውሰዱ። ድንበር ላይ በቢሮ የሚሸጥ ሕጋዊ መድንም ይኖራል፤ ከሰው ኪስ የሚወጣውን ግን አትንኩት። በአረንጓዴው ካርድ ላይ ደግሞ የአገር ምልክት ተሰርዞ ከሆነ በዚያ አገር እንደማይሠራ እወቁ።

ካርኔ ለምትይዙ ሰዎች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ካርኔ ለመኪናው እንደ ፓስፖርት ያለ ደብተር ሲሆን፣ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ የሚጠይቁትም የተወሰኑ አገሮች ናቸው። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው፦ አንዱ ሲገባ ይቀደዳል፣ ሌላው ሲወጣ ይቀደዳል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ማኅተም ይዞ ደብተሩ ላይ ይቀራል። አሁን «መውጫ ላይ ማስመታት ጊዜ ማጥፋት ነው፣ ዝም ብለህ ውጣ» የሚል ደላላ አይጠፋም። የመውጫው ማኅተም ከሌለ መኪናው እዚያው እንደቀረ ይቆጠራል፤ ጉምሩኩ ቀረጡንና ታክሱን ዋስትና ከሰጠው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ይጠይቃል፣ ማኅበሩም እናንተ ካስያዛችሁት ዋስትና ላይ ያነሳል። ደላላው በዚያን ጊዜ ስልኩን አያነሳም።

ስለ መንጃ ፈቃድም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ እንኳን የእኔ ሳይሆን አብሮኝ የታገደ መንገደኛ የደረሰበት ነው። በኢንተርኔት «ለ10 ዓመት የሚያገለግል ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» ገዝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በ1968ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ደግሞ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው። ያም ቢሆን ብቻውን አይቆምም፤ ከአገራችሁ መንጃ ፈቃድ ጋር ካልቀረበ ዋጋ የለውም።

ደላላ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ቋንቋው ለማይገባው ሰው አብሮ መስኮት ለመስኮት የሚዞር አስተርጓሚ ይጠቅማል፤ አብሮ የሚዞር ነው ያልኩት፣ ወረቀታችሁን ይዞ የሚሰወር አይደለም። «በአንድ ሂሳብ» የሚል ቃል ስትሰሙ ግን ቁሙ። የመንግሥት ክፍያ የራሱ ደረሰኝ አለው፤ የድካሙ ዋጋ ሌላ ነው። የእኔ «ደረሰኝ» የሰውየው በእጅ የተጻፈ ድምር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ጉምሩክ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መኪናው በስማችሁ ካልሆነ ደግሞ የባለቤቱን ውክልና ያዙ፤ «እሱን እኔ አስተካክላለሁ» የሚላችሁ ሰው ሐሰተኛ ሰነድ በስማችሁ ሊያቀርብ ነው።

ምናልባት ወረቀቱን አስረክባችሁ፣ አሁን ኬላው ላይ ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ፈቃዱን ይዛችሁ ወደ ጉምሩኩ መስኮት ራሳችሁ ሂዱና የሻንሲውን፣ የሞተሩንና የሰሌዳውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ የሚያበቃበትንም ቀን ተመልከቱ። ስህተት ካለ ያተመው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ሳለ አስተካክሉ።